ጋዜጣ ከማተሚያ ቤት በር በሚወሰድባት ከተማ ጋዜጠኝነትን መማር

የተማሪዎች ልውውጥ በአንድ ቀላል እምነት ላይ የቆመ ነው፤ የሄደ ይመለሳል። ተማሪው አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ በዚያ ያገኘው ውጤት በራሱ ዩኒቨርሲቲ ይያዝለታል፤ ከዚያም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይገባል። የተቀበለው ተቋምም በፈንታው የራሱን ተማሪ ይልካል። በስምምነቱ ላይ የመሄጃና የመመለሻ ቀን ይጻፋል። ከተማዋ ራሷ ትምህርት የማይሰጥባት ብትሆንስ የሚል አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝበትም።

ካርቱም ይህን እምነት ያፈረሰች ከተማ ናት። ቅዳሜ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ረፋድ ላይ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በእሳቱ መካከል ነበር። ግቢው ከቤተ መንግሥቱም ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያም ብዙ አይርቅም። በዚያ ማለዳ ለትምህርት የገቡ በርካታ ተማሪዎች ለቀናት መውጣት አልቻሉም። አንድ ተማሪ በጥይት ተመትቶ ሞተ። አስከሬኑን ወደ መቃብር ቦታ መውሰድ ስላልተቻለ ጓደኞቹ እዚያው ግቢው ውስጥ ቀበሩት።

በከተማዋ የነበሩ የውጭ ተማሪዎች ያገኙትን መንገድ ሁሉ ይዘው ወጡ። ከፊሎቹ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሌሎች በገላባት በኩል ወደ መተማ አመሩ። በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ደግሞ በአውቶቡስ እስከ ግብፅ ድንበር ደርሰው ለቀናት በበረሃ ሲጠባበቁ ቆይተዋል።

ከዚያ ቀን በፊት ግን ካርቱም ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነበረች? ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ካርቱም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ከጣና የተነሣው ውኃም ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በዚያችው ከተማ፣ አል ሞግራን በሚባለው ስፍራ ነው።

በጀበና የሚጀምር ባዕድነት

ወደ ካርቱም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ቀን እንግድነቱ ሊሰማው የሚገባውን ያህል አይሰማውም። ቡናው የሚፈላበት ዕቃ በዚያም ስሙ ጀበና ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝንጅብል ይገባበታል። ከማሽላ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገረው ኪስራ ስስ እንጀራ ቢባል የሚያጣላ አይደለም። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የቤተሰብን ጤና ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ብልግና ይቆጠራል።

እንግድነቱ የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። አንድ የውጭ ዜጋ በገባ በሦስት ቀናት ውስጥ በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት። ፎቶግራፍ ለማንሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ቢኖርም ድልድይ፣ ወታደራዊ ሥፍራና የመንግሥት ሕንፃ ክልክል ናቸው። ሦስቱን የመዲናዋን ከተሞች፣ ማለትም ካርቱምን፣ ኡምዱርማንንና ሰሜን ካርቱምን (ባህሪን) የሚያገናኙት ደግሞ ድልድዮች ናቸው። ካሜራ ያንጠለጠለ ተማሪ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተከለከለ ነገር ሳያይ አያልፍም ማለት ነው።

አሜሪካ በ1997 የጣለችውና በ2017 ያነሳችው የኢኮኖሚ ማዕቀብም የተማሪውን ኪስ ነክቶ አልፏል። ዓለም አቀፍ የባንክ ካርዶች ለረጅም ዓመታት በሱዳን አይሠሩም ነበር። እንግዳው የሚበላበትንና የሚከራይበትን ገንዘብ በሙሉ በጥሬው ይዞ ይገባል፤ ካለቀበት የሚልክለት ዘመድ ቢኖረውም የሚላክበት መንገድ ቀላል አልነበረም።

ትምህርቱም ራሱን የቻለ ፈተና አለው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሠረት በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ነው። በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የመጣው አገዛዝ የከፍተኛ ትምህርትን ቋንቋ ወደ ዐረብኛ አዞረው። በዚህም ምክንያት እንግዳው ተማሪ በጋዜጠኝነት ክፍል ከመቀመጡ በፊት ቋንቋ መማር ግዴታው ሆነ። በ1974 የተቋቋመው የካርቱም ዓለም አቀፍ የዐረብኛ ቋንቋ ኢንስቲትዩት ለዚህ የሚጠቀስ ነው። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን የሚቀበለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ።

በክፍል የሚማሩት ዐረብኛ ግን በሻይ ቤት አይነገርም። ጋዜጣው በመጽሐፍ ቋንቋ ይጻፋል፤ ሕዝቡ በሱዳን ዘይቤ ይናገራል። ለሕክምና ወይም ለምህንድስና ተማሪ ይህ ችግር ብቻ ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ግን የትምህርቱ ግማሽ አካል ነው፤ የታተመውና የተነገረው የሚለያዩበትን ቦታ የሚያይበት መስኮት እዚያ ላይ ይከፈትለታልና።

ከታተመ በኋላ የሚወሰድ ጋዜጣ

የሱዳን ፕሬስ አሮጌ ነው። አል አያም የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ በ1953 ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ማህጁብ ሙሐመድ ሳሊህ በ2005 የዓለም ጋዜጦች ማኅበር የሚሰጠውን ወርቃማ የነፃነት ብዕር ሽልማት ተቀብለዋል። ጋዜጦቹ ግን ከአገሪቱ መንግሥታት ጋር አብረው ሲወድቁና ሲነሡ ኖረዋል። ጃፋር ኒሜሪ በ1970 ጋዜጦችን ወረሱ። ኦማር አል በሽር በጁን 1989 ሥልጣን ሲይዙ ነባሮቹ ጋዜጦች ተዘጉ። በኋላ እንደገና ቢፈቀዱም ጋዜጠኛው በመንግሥት የፕሬስ ምክር ቤት ፈተና አልፎ እንዲመዘገብ ተደረገ።

የውጭው ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚማርበት ነገር የቁጥጥሩ ዘዴ ነበር። ዘዴው በሁለት ደረጃዎች አልፏል።

በ2008 መጀመሪያ፣ የቻድ አማፅያን ንጃሜናን ባጠቁበት ሰሞን፣ ጋዜጦች ሱዳን አማፅያኑን ትደግፋለች የሚለውን ጉዳይ በማንሣታቸው ቅድመ ምርመራ ተጀመረ። የደኅንነት ባልደረቦች ማታ ማታ ወደ ዝግጅት ክፍሎች እየመጡ ለኅትመት የተዘጋጁትን ገጾች ያነቡ ነበር፤ ያልወደዱትን ያስወጣሉ። ይህ በሴፕቴምበር 2009 መቅረቱ በይፋ ተነገረ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከቀደመው የከፋ ነበር ለማለት ይቻላል። ጋዜጣው ይጻፋል፤ ይታረማል፤ ይታተማል። ንጋት ላይ ወደ አከፋፋዮች ሊወጣ ሲል የደኅንነት ሰዎች ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመው ዕትሙን ሙሉ በሙሉ ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለም፤ የትኛው ጽሑፍ እንዳስቆጣቸውም አይነገርም። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2015 በአንድ ማለዳ ብቻ የ14 ጋዜጦች ዕትም ተወሰደ።

የዚህን ዘዴ ብልጠት ለማየት የሒሳብ መዝገብ መክፈት ይበቃል። ቅድመ ምርመራ ሲኖር አሳታሚው የሚያጣው አንድ ጽሑፍ ነው። ዕትሙ ከታተመ በኋላ ሲወሰድ ግን የወረቀቱን፣ የቀለሙንና የማተሚያውን ዋጋ ከፍሎ ጨርሷል፤ ከሽያጭ የሚያገኘው የለም፤ የማስታወቂያ ደንበኛውም ለማንም ላልደረሰ ማስታወቂያ አይከፍልም። ሁለትና ሦስት ቀን በተከታታይ ከሆነ ትንሽ ጋዜጣ ይዘጋል። ምክንያቱ ስለማይነገረው ደግሞ አዘጋጁ በሚቀጥለው ቀን ሊያስቆጣ ይችላል ብሎ የሚገምተውን ሁሉ ራሱ ያወጣል። ቀይ መስመሩ የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከመስመሩ በጣም ርቆ ይቆማል። መርማሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ አዘጋጁ ራሱ መርማሪ ሆኗል።

በአውሮፓም ሆነ በአዲስ አበባ የጋዜጠኝነት መማሪያ መጻሕፍት ስለ ራስን ሳንሱር ማድረግ ምዕራፍ አላቸው። ተማሪው በካርቱም ግን አሠራሩን ከነዋጋው ያየዋል። ትናንት ማታ ሲዘጋጅ የነበረው ዜና ዛሬ ጠዋት መደብሩ ላይ የለም፤ ጎኑ ያለው ጋዜጣ ደግሞ ስለ ስኳር ፋብሪካ ይጽፋል።

የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም ከዚህ አላመለጡም። ዐረብኛ ለማያነቡ እንግዶችና ለደቡብ ሱዳን ተወላጆች ዋና መረጃ የነበረው ካርቱም ሞኒተር በአልፍሬድ ታባን አዘጋጅነት ብዙ ጊዜ ታግዶ ብዙ ጊዜ ተመልሷል። በጁላይ 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ግን ከሌሎች የደቡብ ተወላጆች ከነበሩባቸው ጋዜጦች ጋር በካርቱም መታተሙ አበቃ። ታባን ወደ ጁባ ሄደው ጁባ ሞኒተርን ጀመሩ።

ሻይ ሻጮቹ የሚያውቁት

ጋዜጣ እንዲህ ሲሆን ወሬ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በካርቱም መንገዱ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከሰል አያይዘው ሻይና ቡና የሚሸጡት ሴቶች የከተማዋ እውነተኛ የዜና ማዕከል ነበሩ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም፣ ወታደርም፣ ተማሪም፣ ጋዜጠኛም እዚያ ይቀመጣል። ከሻጮቹ መካከል ከዳርፉርና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው የመጡ፣ እንዲሁም ብዙ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ነበሩ።

አማርኛ የሚናገር ተማሪ በዚህ ላይ አንድ ዕድል አለው። በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ አል ሰሃፋ ይባላል፤ ቃሉ በዐረብኛ «ፕሬስ» ወይም «ጋዜጠኝነት» ማለት ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ በጋዜጠኝነት ሰፈር ውስጥ በአገሩ ቋንቋ ከተማዋን ሲጠይቅ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች የሚያውቁት ነገር ፈገግታ የሚያጭር አልነበረም። ሻይ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሌላት ዕቃዋ በአፈሳ ይወሰዳል። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ደግሞ ከዕቃዋ በላይ ታጣለች።

እዚህ ላይ የልውውጥ ተማሪው ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ይጋፈጣል። ያነጋገራት ሴት ስሟን ነግራዋለች፤ ፎቶ እንዲያነሳትም ፈቅዳለች። ጽሑፉ ለትምህርት ክፍሉ የሚቀርብ የቤት ሥራ ነው፤ ነገር ግን የትምህርት ክፍሉ ጥሩ ሥራዎችን በኢንተርኔት ላይ ያወጣል። እሱ ከሦስት ወር በኋላ በፓስፖርቱ ይወጣል። እሷ በዚያው ጥግ ሻይ ትሸጣለች። በሕግ ቋንቋ ፈቃድ ተገኝቷል። ሆኖም ፈቃድ የሰጠችው የጽሑፉን ጉዞ አውቃ ነው ወይ?

የጋዜጠኝነት መምህራን ብዙውን ጊዜ ተማሪ ወደ እንዲህ ዓይነት አገር ከመሄዱ በፊት ስለ ራሱ ደኅንነት ይመክሩታል፤ የት እንዳይሄድ፣ የኤምባሲው ስልክ ስንት እንደሆነ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እንግዳው በአብዛኛው የሚገጥመው መጥፎ ነገር መባረር ነው። የተጠያቂዋ፣ የአስተርጓሚው፣ መኪና የነዳለት ወጣት ዕዳ ግን ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ስሞችን በስልክ አለመያዝ፣ ፊትን አለማሳየት፣ ሰፈርን አለመጥቀስ ለእንግዳው ቴክኒክ ሲሆን ለአስተናጋጁ የኑሮ ጉዳይ ነው። በእኔ ግምት አንድ የልውውጥ ተማሪ ከካርቱም ይዞት ሊመለስ የሚችለው ትልቁ ዕውቀት ምን እንደሚጻፍ ማወቁ አይደለም፤ የሚጻፍ ነገር በእጁ ይዞ የማይጽፍበትን ምክንያት ማወቁ ነው።

ስም መጠቀስ ግን ሁልጊዜ ጉዳት ብቻ አይደለም። በ2009 ሱዳናዊቷ ጋዜጠኛ ሉብና ሑሴን በካርቱም አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሱሪ ለብሰሻል ተብላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተያዘች። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 152 መሠረት ቅጣቱ እስከ 40 ግርፋት ይደርስ ነበር። እሷ ግን ጉዳዩን በጸጥታ ከማለፍ ይልቅ ጋዜጠኞችን ወደ ችሎቱ ጠራች። በወቅቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ትሠራ ስለነበር ያለመከሰስ መብት ይገባኛል ማለት ትችል ነበር፤ ሥራዋን ለቀቀች። ፍርድ ቤቱ 500 የሱዳን ፓውንድ ቀጣት፤ አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች፤ ገንዘቡ በጋዜጠኞች ማኅበር ተከፍሎ በማግሥቱ ወጣች። የአለባበስ ፖሊስ የሚሠራበት የሥርዓተ ማኅበረሰብ ሕግ በኖቬምበር 2019 ተሽሯል። ልዩነቱ ምርጫው የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ስሟ እንዲጻፍ የወሰነችው ራሷ ናት እንጂ ለአንድ ሴሚስተር የመጣ ተማሪ አይደለም።

«ባንዲራችን»፣ በካርቱም የታተመው የአማርኛ ጋዜጣ

ካርቱም የአማርኛ ጋዜጠኝነት የተሠራባት ከተማ መሆኗን የሚያስታውስ ዛሬ ጥቂት ነው። በ1940 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ስደታቸው ተነሥተው ወደ ሱዳን መጡ፤ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በካርቱም አጠገብ በሶባ የጦር መኮንንነት ትምህርት ይሰጣቸው ጀመር። በዚሁ ጊዜ ጆርጅ ስቲር የሚባል ሰው በካርቱም አንድ አነስተኛ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ይመራ ነበር።

ስቲር ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ጋዜጠኛ ነው። በ1935 ለለንደኑ ታይምስ የጣልያንን ወረራ ከአዲስ አበባ ዘግቧል፤ በ1937 ደግሞ በስፔን የጌርኒካ ከተማ በአየር መደብደቧን ለዓለም ካሳወቁት ዋነኛው ነበር። በካርቱም ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣና ብዙ በራሪ ወረቀቶች አሳተመ። ወረቀቶቹ በአውሮፕላን ተጥለው፣ በሰው እጅም ድንበር ተሻግረው በጣልያን ሠራዊት ውስጥ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ንጉሡ መምጣታቸውን ያበሥሩ፣ ከድተው እንዲወጡም ይጠሩ ነበር።

የጌርኒካን እውነት የጻፈው ብዕር በካርቱም የጦርነት ጥሪ ጻፈ። ይህ ጋዜጠኝነት ነው ወይስ አይደለም? አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለአገር ነፃነት የተደረገ ነውና አይፈርድበትም፤ እኔም አልፈርድበትም። ነገር ግን ስሙን በትክክል መጥራት ይገባል፤ ፕሮፓጋንዳ ነበር፤ ስቲርም ራሱ በዚያ ስም በሚጠራ ክፍል ውስጥ ነው የሠራው። የራዲዮ ኡምዱርማን ሥርጭት የተጀመረውም በዚያው ዓመት፣ በ1940፣ በዚያው ጦርነት ምክንያት ነው። የከተማዋ መገናኛ ብዙኃን ከጦርነት ጋር ያላቸው ዝምድና አዲስ አይደለም።

ተማሪ ዜና ሲሆን

በካርቱም ተማሪው ዜና ዘጋቢ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ ዜናው ራሱ ነው። በኦክቶበር 1964 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ደቡቡ ጥያቄ ውይይት ሲካሄድ ፖሊስ ገብቶ ተኮሰ፤ ተማሪው አሕመድ አል ቁረሺ ተገደለ። በዚያ የተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅና የሥራ ማቆም አድማ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ መንግሥት ጣለ። በ2019ም በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለሳምንታት ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አል በሽር ኤፕሪል 11 ወረዱ። ጁን 3 ግን የመቀመጫው አድማ በኃይል ሲበተን ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሐኪሞችና የመብት ተሟጋቾች ተናገሩ።

በማግሥቱ የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ ነገር ሆነ። ለአብዛኛው ሕዝብ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ። የሆነው ነገር የተቀረፀው በሰልፈኞቹ ስልክ ነው፤ ምስሉ ግን ከከተማ አይወጣም። ሰዎች የስልክ ማስታወሻ ካርዶችን በመንገደኛ እጅ ወደ ውጭ ይልኩ፣ ጥቂት የቀሩ መስመሮችን በተራ ይጠቀሙ ነበር። በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ኢንተርኔት እንደገና ከሦስት ሳምንታት በላይ ተዘጋ።

በእነዚህ ሁለት መዘጋቶች መካከልና በኋላ የሱዳን ጋዜጠኞች አንድ ነገር አሳክተዋል። በኦገስት 2022 በካርቱም ተሰብስበው የራሳቸውን ነፃ ማኅበር መረጡ፤ ከ1989 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ውጊያው የጀመረው ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

መመለሻ የሌለው ልውውጥ

የአውሮፓው ኢራስመስ በ1987 ሲጀመር 11 አገሮችና 3,244 ተማሪዎች ነበሩት፤ ዛሬ የተማሪዎች ልውውጥ ሲባል በብዙው አእምሮ የሚመጣው እሱ ነው። አፍሪካም የራሷ ታሪክ አላት። ኢትዮጵያ በ1958 በአክራ በተደረገው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታውቃ፣ ከኬንያ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረዋል። እነዚህ እንግዶች በነፃነት ሲናገሩ የሰሙት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የራሳቸውን ዝምታ መጠየቅ እንደጀመሩ የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ያጠኑ ይስማሙበታል። እንግዳ ተማሪ የሚማረውን ያህል ያስተምራል፤ ላኪውም ተቀባዩም አስቦት ባይሆንም።

የሱዳን ተማሪዎች ከ2023 ወዲህ የገቡበት ሁኔታ ግን በእነዚህ ስሞች የሚጠራ አይደለም። ውጊያው ሲጀመር ወደ ውጭ ለትምህርት ሊሄዱ ቪዛ የጠየቁ ወጣቶች ፓስፖርታቸው በምዕራባውያን ኤምባሲዎች ውስጥ ቀረ። ዲፕሎማቶቹ በአየር ወጡ፤ ፓስፖርቶቹ ተቆልፎባቸው ቀረ፤ በአሜሪካ ኤምባሲ የነበሩት ደግሞ በአጣዳፊ መውጫ ጊዜ በሚሠራው ደንብ መሠረት እንዲጠፉ ተደረገ። ወደ ውጭ ለመማር የሰጡት ሰነድ ከጦርነት እንዳይወጡ አገዳቸው።

ወጥተው የተማሩም አሉ። ሩዋንዳ በኦገስት 2023 ከ150 በላይ የሱዳን የሕክምና ተማሪዎችን ተቀብላ በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ አድርጋለች። ሐኪሞች ስለሚያስፈልጉ እንዲህ ያለው በር ለሕክምና ተማሪ ይከፈታል። የጋዜጠኝነት ተማሪን በቡድን የሚጠራ አገር አልተሰማም፤ ትምህርቱም ከቋንቋና ከአገር ሕግ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እንደ አካል ጥናት ወደ ሌላ አገር ተሸክመውት የሚሄዱት አይደለም። በመተማ በኩል ገብተው በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከተቀመጡት ሱዳናውያን ስደተኞች መካከልም ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ወጣቶች ነበሩ፤ በዚያ የነበረው የጸጥታ ችግር ብዙዎቹን በ2024 ከመጠለያው አስወጥቷቸው መንገድ ዳር አሰፈራቸው።

በርካታ የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት፣ ፈተናቸውንም ከካርቱም ውጭ ለመስጠት ሞክረዋል። ኢንተርኔት ላለው ይሠራል። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ግን ተግባራዊው ትምህርት የሚሰጥበት ሥፍራ ጠፍቷል። በኡምዱርማን ያለው የመንግሥት የሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ውጊያው እንደተጀመረ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገብቶ ጦሩ መልሶ የያዘው በማርች 2024 ነው። የታተሙ ጋዜጦች ከካርቱም ጠፉ። የቀረው ምሳሌ ራዲዮ ዳባንጋ የመሰለው ነው፤ ይህ ጣቢያ ከ2008 ጀምሮ ከኔዘርላንድስ ሆኖ በስልክ በሚሰበስበው መረጃ ስለ ዳርፉር ለሱዳናውያን ያሠራጫል። በካይሮ፣ በካምፓላና በናይሮቢ የተበተኑ ወጣት ሱዳናውያን ዘጋቢዎች ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ስልክ ይደውላሉ፤ መስመሩ ይቋረጣል፤ እንደገና ይደውላሉ። በዚያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ስም አሁንም አይጻፍም።

ጦሩ በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች በየጊዜው እየተመለሱ ነው። ወርቃማውን ብዕር የተቀበሉት ማህጁብ ሙሐመድ ሳሊህ ግን ይህን አላዩም። ከሰባ ዓመታት በላይ የጻፉላትን ከተማ በጦርነቱ ምክንያት ለቀው በፌብሩዋሪ 2024 በካይሮ አርፈዋል።